መንገድ ዳር የቆመው ግዙፍ አካፋ፦ ቢግ ብሩተስን ለማየት ለምትሄዱ

ይህ በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ፣ አነጋገሩን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አካፋ ነው። በእጅ የሚያዘውን አይደለም የምለው። የዚህኛው ቁመት 49 ሜትር ነው፤ ባለ 16 ፎቅ ህንጻ ማለት ነው። ክብደቱ ወደ 50,000 ኩንታል ይጠጋል። ስሙ ቢግ ብሩተስ ይባላል። የቆመው አሜሪካ ውስጥ ነው፣ በካንሳስ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ ዌስት ሚነራል የምትባል ነዋሪዋ 200 የማይሞላ ትንሽዬ ከተማ አጠገብ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1974 ጀምሮ ምንም አልቆፈረም፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ቀኖችና ዓመታትም ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው። ዛሬ ሙዚየም ነው። መኪናችሁን አቁማችሁ፣ ቲኬት ቆርጣችሁ፣ ሆዱ ውስጥ ትገባላችሁ።

ብዙ ሰው እዚያ የሚደርሰው ሌላ ቦታ ለመሄድ ሲያልፍ ነው። ታዋቂው ሩት 66 መንገድ ካንሳስን የሚነካው 21 ኪሎ ሜትር ለምታህል ርቀት ብቻ ነው፣ ያቺም ርቀት በዚሁ ቼሮኪ በሚባለው አውራጃ ውስጥ ናት። ስለዚህ አሮጌውን መንገድ የሚከተሉ ተጓዦች ጎራ ይላሉ፣ ባኬቱ፣ ማለትም አፈር የሚዝቅበት ትልቅ የብረት ባልዲ፣ ውስጥ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ፎቶው አይከፋም፣ እኔም ብዙ አንስቻለሁ። ግን ፎቶ ተነስቶ መሄድ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ይሄ ማሽን ትልቅ የሆነው ለመታየት አይደለም። እያንዳንዱ ሜትር ምክንያት አለው። ምክንያቱን ለማየት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ማሽኑ የቆመው ሥራ ባቆመበት አካባቢ ነው፣ የቆፈረውም መሬት ዙሪያውን አለ። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ዋና ነገር ይሄ ነው። ሙሉ ሆኖ፣ በሠራበት ቦታ የቀረ ማሽን ብዙ ያስተምራል። ተቆራርጦ ቁራጩ የቀረ ማሽን ግን ሐውልት ብቻ ነው።

እሺ፣ ለምን ይህን ያህል ገዘፈ?

በዚያ አካባቢ ያለው የድንጋይ ከሰል በስስ ንጣፍ የተኛ ነው። ውፍረቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከላዩ ደግሞ ከ6 እስከ 21 ሜትር የሚደርስ አፈርና ዓለት ተጭኖታል። ዋሻ ቆፍሮ እንዳይወጣ ስስ ነው፣ ሰው ቀና ብሎ የሚሠራበት ከፍታ እንኳ የለውም። ከላይ ገፎ ለማውጣት ደግሞ የሚገፈፈው ክምር ብዙ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ለምሳሌ ያህል የከሰሉ ውፍረት ግማሽ ሜትር ይሁን፣ ከላዩ ያለው አፈርና ዓለት 15 ሜትር ይሁን። የቢግ ብሩተስ ባኬት በአንዴ 69 ሜትር ኩብ ገደማ ይዛቅበታል፣ በክብደት 136 ቶን አካባቢ። 69ን ለ15 ስታካፍሉት 4.6 ይመጣል። ማለትም አንድ ሙሉ ባኬት አንስቶ ወደ ጎን ሲደፋ፣ ከሥር የሚገለጠው ከሰል ስፋቱ አምስት ካሬ ሜትር አይሞላም። ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ነው ብለናል፣ ስለዚህ የተገኘው ከሰል ወደ 3 ቶን ነው። የተቆፈረ ዓለት ተሰባብሮ ስለሚያብጥ እንዲያውም ከዚህ ያንሳል።

136 ቶን ተነስቶ 3 ቶን ከሰል። ሒሳቡ ይሄ ነው። ይህን በተራ ኤክስካቫተር እሠራለሁ ያለ ኩባንያ ከሰሉን ሸጦ የናፍጣና የሠራተኛ ወጪውን አይመልስም። የሚያዋጣው አንድ መንገድ ብቻ ነው፣ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ማንሳት፣ በጥቂት ሰው፣ ሌት ተቀን ሳያቋርጡ። ቡሙ፣ ማለትም ረጅሙ የብረት ክንዱ፣ 46 ሜትር የረዘመውም ለዚህ ነው። ማሽኑ የሚቆመው ጉድጓዱ ውስጥ፣ የተገለጠው ከሰል ላይ ነው። ከፊቱ ካለው ግድግዳ ይዝቅና፣ ዞሮ፣ ከሰሉ ቀድሞ በተነሳበት በባዶው በኩል ይደፋዋል። ክንዱ አጭር ቢሆን የደፋው አፈር ተንሸራቶ ከሰሉ ላይ ይመለስ ነበር። ስለዚህ አፈሩ በጠለቀ ቁጥር ክንዱ መርዘም አለበት፤ ክንዱ ሲረዝም እንዳይገለበጥ ገላው መክበድ አለበት፤ ገላው ሲከብድ ደግሞ የሚሄድበት ሰንሰለት መብዛት አለበት። አንዱ ሌላውን እየጎተተ 50,000 ኩንታል ላይ ደረሰ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ቢግ ብሩተስ ራሱ ከሰል አይጭንም። ሥራው ሽፋኑን መግፈፍ ነው። ከሰሉን የሚያነሱት ከኋላው የሚከተሉ ትንንሽ ማሽኖች ናቸው፣ ገልባጭ መኪኖች ላይ ጭነው ያስወጡታል። ጎብኚዎች ባኬቱን ሲያዩ በከሰል ተሞልቶ ነው የሚታያቸው። በከሰል ሳይሆን በአፈርና በዓለት ነበር የሚሞላው።

የሠራው ቡሳይረስ ኢሪ የተባለው የዊስኮንሲን ኩባንያ ነው፣ ከመቶ ዓመት በፊት የእንፋሎት አካፋዎቹ የፓናማን ቦይ የቆፈሩት ያው ድርጅት። በኋላ በ2011 ካተርፒላር ገዝቶታል። የማሽኑ የሞዴል ስም 1850-ቢ ነው፤ ከዚህ ሞዴል በዓለም ላይ የተሠራው ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ገዢው ፒትስበርግ ኤንድ ሚድዌይ የሚባል የከሰል ኩባንያ ነበር፣ ዋጋውም በወቅቱ 6.5 ሚሊዮን ዶላር።

እንዲህ ያለ ነገር ተገጣጥሞ በመንገድ አይመጣም። በ150 የባቡር ፉርጎዎች ተበታትኖ መጣና 52 ሰዎች 11 ወር ፈጅተው ሜዳ ላይ ገጣጠሙት። በ1963 ሥራ ጀመረ። 150 ፉርጎ ብረት፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ቦታው ታውቆ፣ በካንሳስ ክረምትም በበጋም፣ በክሬንና በሰው እጅ። ስለ ማሽኑ ሲወራ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱ ነው። እኔን ግን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ግጣጠማ ነው። ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የሠሩት ሰዎች ከማሽኑ እኩል ሊወራላቸው ይገባል።

ናፍጣ አይጠጣም፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። በሄደበት ሁሉ ወፍራም ኬብል ከኋላው ይጎተታል። በዚያ ኬብል የሚመጣው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ትልልቅ ሞተሮችን ያዞራል። እነዚያ ሞተሮች ጄኔሬተሮችን ያዞራሉ፣ ጄኔሬተሮቹም ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ባኬቱን የሚያነሳው፣ ወደፊት የሚገፋው፣ ማሽኑን በወገቡ የሚያዞረው ይሄ ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ለምን ይህን ያህል ዙሪያ ጥምጥም? ምክንያቱም በዚያ ዘመን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ብቻ ነበር የሞተሩን ፍጥነት ቀስ አድርጎ፣ ሳያስደነግጥ ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚያስችለው። 136 ቶን አየር ላይ አንጠልጥላችሁ ስትዞሩ ድንገት መቆም አትችሉም። ጉልበቱ በመደበኛው 7,500 የፈረስ ጉልበት ነው፣ ሲጨነቅ 15,000 ይደርሳል። በመጨረሻው ወር፣ በ1974፣ የመጣው የመብራት ሂሳብ 27,000 ዶላር ነበር። በዚያ ዘመን ገንዘብ ነው ያልኳችሁ።

እግሮቹንም እዩልኝ። በአራቱም ማዕዘን ሁለት ሁለት ሰንሰለት አለው፣ በድምሩ ስምንት። በማዕዘኖቹ ላይ በዘይት ግፊት የሚሠሩ ትልልቅ ጃኮች አሉ። መሬቱ ወጣ ገባ ሲሆን የአንዱን ማዕዘን ከፍታ እየጨመሩ፣ የሌላውን እየቀነሱ ማሽኑ ዘንበል እንዳይል ያደርጋሉ። 49 ሜትር ከፍታ ላይ ትንሽ መዘንበል ቀላል ነገር አይደለም። ፍጥነቱ በሰዓት 350 ሜትር ገደማ ነው። አዎ፣ ሜትር። እንደ ልቡ ከቦታ ቦታ የሚዞር ማሽን አይደለም። አንድ ጊዜ መስመር ከያዘ በዚያው መስመር እየገፈፈ ነው የሚኖረው።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ።

ከሩቅ ስታዩት ብርቱካናማ ቀለሙ ሜዳው ላይ ጎልቶ ይታያል። አካባቢው ጠፍጣፋ ስለሆነ ርቀቱን መገመት ያስቸግራል። ቅርብ ነው ብላችሁ ታስባላችሁ፣ ግን መኪናው ይነዳል፣ ይነዳል፣ እሱ ገና ያድጋል። ስትደርሱ መጀመሪያ የምታገኙት የእንግዶች መቀበያ ህንጻውን ነው። እዚያ የድሮ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች መሣሪያዎችና ፎቶዎች አሉ። ብዙ ሰው እዚያ ጋ ይቸኩላል። እናንተ አትቸኩሉ፣ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በሰንሰለቶቹ መካከል ታልፋላችሁ። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ብረት በግራም በቀኝም። እያንዳንዱን የሰንሰለት ጫማ እጃችሁን ዘርግታችሁ ንኩት። ጠርዙ ተበልቷል፣ አንዳንዱ ቦታ ተብረቅርቋል። ይሄ ለኤግዚቢሽን የተሠራ ነገር አይደለም፣ 11 ዓመት ድንጋይ የረገጠ ብረት ነው።

በብረት ደረጃ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ደረጃው ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፣ ጉልበት የሚያማችሁ ሰዎች ቀስ ብላችሁ። የማሽን ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ግን ድካሙን ትረሱታላችሁ። የፋብሪካ አዳራሽ ነው። ሞተሮቹ፣ ጄኔሬተሮቹ፣ ገመድ የሚጠቀለልባቸው ትልልቅ ከበሮዎች፣ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎቹ፣ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው ረጅሙን ጊዜ የቆየሁት። ከውጪ የምታዩት ቡምና ባኬት ጡንቻው ነው፣ እዚህ ግን ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ በዓይናችሁ መከተል ትችላላችሁ። ኬብሉ የሚገባበትን ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩ ወደ ጄኔሬተሩ፣ ከዚያ ወደ ከበሮው፣ ከከበሮው ገመዱ ወደ ውጪ። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን መንገድ በጣታቸው እየጠቆሙ እንዲከተሉ አድርጓቸው። ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ይገባቸዋል።

ከዚያ ወደ ኦፕሬተሩ ካቢን። ትንሽ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ እጀታዎችና ፔዳሎች፣ ከፊት መስታወት። ያን ሁሉ ብረት ያንቀሳቅስ የነበረው እዚህ የተቀመጠ አንድ ሰው ነው። ዝቆ፣ ዞሮ፣ ደፍቶ፣ ተመልሶ፣ አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ እንደገና። ሙሉ ፈረቃውን። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ባኬቱ የሚሆንበትን ርቀት ገምቱ፣ ከዚያ ያንን ባኬት ከግድግዳው ሳታጋጩ በዚያ ፍጥነት መመለስን አስቡት። ኦፕሬተር ቁልፍ ተጫኝ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጥ።

ድሮ ጎብኚዎች ከዚህም አልፈው ቡሙ ጫፍ ድረስ መውጣት ይችሉ ነበር። በ2010 አንድ ሰው ከጫፉ በፓራሹት ሲዘል አደጋ ደረሰ፣ ከዚያ ወዲህ መውጣት ተከልክሏል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ማሽኑን ለመረዳት ቡሙ ጫፍ መውጣት አያስፈልግም።

ስለ ሠራተኛው ካነሳሁ አይቀር፣ ቢግ ብሩተስን በአንድ ፈረቃ የሚያሠሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ኦፕሬተሩ ነው። ሁለተኛው ግሪስና ዘይት የሚያጠጣው፣ የሚሞቀውን የሚያዳምጠው። ሦስተኛው መሬት ላይ ሆኖ ኬብሉንና የማሽኑን ዙሪያ የሚጠብቀው። ሦስት ሰው ብቻ።

አሁን የመቀበያ ህንጻው ውስጥ አትቸኩሉ ያልኳችሁ ምክንያት። ያ የካንሳስ ጥግ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከሰል በሰው ጉልበት የሚወጣበት አገር ነበር። ከጣሊያን፣ ከስሎቬኒያ፣ ከክሮኤሺያ፣ ከኦስትሪያ፣ ከፈረንሳይ፣ ከቤልጂየም ሰው ጎርፎ መጥቶ ከመሬት በታች በፒካና በአካፋ ይቆፍር ነበር። አካባቢው እስከ ዛሬ ትንሹ ባልካን እየተባለ ይጠራል። ሥራው ከባድ ነበር። ጋዝ፣ ፍንዳታ፣ የጣሪያ ናዳ። የሠራተኛ ማኅበሩም ጠንካራ ነበር። በታኅሣሥ 1921 በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች፣ የማዕድን ሠራተኞቹ ሚስቶች፣ እናቶችና እህቶች፣ የአሜሪካን ባንዲራ ይዘው የሥራ ማቆም አድማውን ለመደገፍ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየሄዱ አድማውን ጥሰው የሚሠሩትን አስቆሙ። ጋዜጦች የአማዞን ጦር ብለው ጠሯቸው። አገረ ገዢው ብሔራዊ ዘብ ላከባቸው።

ይህን ታሪክ ይዛችሁ ወደ ማሽኑ ስትመለሱ ሦስቱ ሠራተኞች ሌላ ትርጉም ይኖራቸዋል። ከላይ ገፎ ማውጣት ሰውን ከናዳና ከጋዝ አድኗል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ አቃልዬ አላየውም። በዚያው ልክ ደግሞ ከተሞችን ሙሉ ያቆመ ሥራ ወደ ጥቂት ወንበሮች ወርዷል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የሠራተኞቹን ፎቶዎች ሳታዩ ማሽኑን ብቻ አይታችሁ ከሄዳችሁ ግማሹን ነው ያያችሁት።

ታዲያ እንዲህ ያለ ማሽን በ11 ዓመት ለምን ቆመ? አርጅቶ አይደለም። ያው ሒሳቡ ነው። ቀለል ብሎ የሚገኘው ከሰል እያለቀ ሲሄድ የቀረው ጥልቅ ነበር። የካንሳስ ከሰል ደግሞ ሰልፈር ይበዛበታል። በ1970 አሜሪካ የአየር ንጽህና ሕጓን አጠበቀች፣ ሰልፈር የበዛበትን ከሰል ማቃጠልም እየከበደ ሄደ። በዚያው ዘመን ዋዮሚንግ ውስጥ ሰልፈሩ ያነሰ፣ ንጣፉ ከ20 ሜትር በላይ የሚወፍር ከሰል በብዛት መውጣት ጀመረ። ግማሽ ሜትር ከሰል ለማግኘት 15 ሜትር የሚገፍ ሰው ከዚያ ጋር እንዴት ይወዳደራል? አይወዳደርም። በ1974 ማብሪያው ጠፋ። ማሽኑ ያንን ያህል መሬት ሲገፍ ኖሮ የሚገፈው ሲያጣ እዚያው ቆመ። ፈታቶ ማጓጓዙ ከሚያወጣው በላይ ገንዘብ ይፈልግ ነበርና ማንም አልነካውም።

እንዲህ ተትቶ አሥር ዓመት አለፈ። ብዙ ማሽን የሚሞተው በዚህ ጊዜ ነው፤ መዳቡ ይዘረፋል፣ መስታወቱ ይሰበራል፣ ዝገት ይበላዋል፣ ከዚያ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይመጣል። እዚህ ግን የአካባቢው ሰዎች ተነሱ። በትርፍ ላይ ያልተመሠረተ ድርጅት አቋቋሙ። ኩባንያው ማሽኑን፣ የቆመበትን 16 ኤከር መሬትና ለእድሳት 100,000 ዶላር ሰጣቸው። በጎ ፈቃደኞች አጸዱት፣ ቀቡት፣ ደረጃውን ለጎብኚ አስተካከሉት። ሐምሌ 13 ቀን 1985 ሙዚየም ሆኖ ተመረቀ። በ1987 የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ታሪካዊ የምህንድስና ቅርስ ብሎ መዘገበው። በ2018 ደግሞ በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገባ።

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ የሌሎቹን ዕጣ ልንገራችሁ።

ቢግ መስኪ የሚባል ነበር፣ ኦሃዮ ውስጥ። እሱ አካፋ አይደለም፣ ባኬቱን በገመድ እየጎተተ የሚዝቅ ድራግላይን ነው። ባኬቱ 168 ሜትር ኩብ ነበር፣ ከቢግ ብሩተስ ከሁለት እጥፍ በላይ። በ1969 ሥራ ጀመረ፣ በ1991 ቆመ፣ በ1999 ተቆራርጦ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። የቀረው ባኬቱ ብቻ ነው። ለማዕድን ሠራተኞች መታሰቢያ ተብሎ መናፈሻ ውስጥ ተቀምጧል። ባኬቱ ያስደንቃል፣ መኪና ያቆሙበታል። ግን ማን እንዳነሳው፣ በምን ጉልበት እንደተነሳ፣ ሰውየው የት ተቀምጦ እንደነበር ከእሱ ማወቅ አትችሉም።

ሲልቨር ስፔድ የሚባልም ነበር፣ እዚያው ኦሃዮ፣ የቢግ ብሩተስ የቅርብ ዘመድ፣ በዚያው ኩባንያ የተሠራ። ከ1965 እስከ 2006 ሠራ። ቢግ ብሩተስ 11 ዓመት ሲሠራ እሱ 41 ዓመት ነው የሠራው። ሊያድኑት የተሰባሰቡ ሰዎች ነበሩ፣ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሞከሩ፣ አልበቃም። በ2007 አፈረሱት። ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል። የሠሩበት ሰዎች ገና በሕይወት እያሉ፣ እንዴት እንደሚነዳ የሚያውቅ ሰው እያለ ነው የፈረሰው።

ጀርመኖች በዚህ ነገር ከሁሉም ይሻላሉ ብል አላጋነንኩም። በምሥራቅ ጀርመን የቡናማ ከሰል ጉድጓዶች ከሁለቱ ጀርመኖች ውህደት በኋላ ሲዘጉ አንዳንዶቹን ማሽኖች እዚያው ትተው ቦታውን ቀየሩት። ሊሽተርፌልድ ውስጥ ኤፍ60 የሚባለው የማጓጓዣ ድልድይ አለ፣ ርዝመቱ 502 ሜትር፣ ክብደቱ 11,000 ቶን። የሠራው ከ1991 እስከ 1992 ብቻ ነው፣ 13 ወር። ዛሬ ጎብኚዎች እላዩ ላይ ይሄዳሉ። ፌሮፖሊስ የሚባለው ቦታ ደግሞ አምስት ግዙፍ ማሽኖች በክብ ቆመው መካከላቸው የኮንሰርት መድረክ ሆኗል። ጉድጓዱ በውሃ ተሞልቶ ሐይቅ ሆኗል። እዚያ የሚመጣ ወጣት ለሙዚቃ ብሎ ይመጣና ከሰል ምን እንደነበረ ሳያስበው ያያል።

ወደ ካንሳስ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም መሬቱን ሳልነግራችሁ ብጨርስ አግባብ አይሆንም።

ቢግ ብሩተስ ገፎ የሄደበት መሬት እንደ ነበረ አልተመለሰም። በዚያ አካባቢ ለአሥርተ ዓመታት የተሠራው ሥራ ጥሎ የሄደው ረጃጅም ጉድጓዶችና በመካከላቸው የተቆለለ የአፈርና የዓለት ክምር ነው። ለም አፈሩ ከሥር፣ ዓለቱ ከላይ ሆኖ ተገለባብጧል። የተቆፈረ መሬት ወደ ነበረበት ይመለስ የሚለው ጠንካራ የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1977 ነው፣ ቢግ ብሩተስ ከቆመ ከሦስት ዓመት በኋላ። ዛሬ ጉድጓዶቹ በውሃ ተሞልተው ጠባብና ረጃጅም ሐይቆች ሆነዋል፣ ክምሮቹ ላይ ዛፍ በቅሎባቸዋል። 14,500 ኤከር የሚሆነውን መሬት የካንሳስ ግዛት የዱር እንስሳት ክልል አድርጎ ያስተዳድረዋል። ሰው ዓሣ ያጠምድበታል፣ ያድንበታል።

ያማረ ነው ወይ? አዎ፣ ያማረ ነው። ግን እርሻ የነበረ መሬት ዳግም እርሻ አልሆነም፣ ያንንም መናገር ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለ ማሽን ሙዚየም መሆኑን ይቃወማል፣ መሬት ያበላሸን ነገር ለምን እናከብራለን ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማስበው። ማሽኑ ተቆራርጦ ቢጠፋ ኖሮ ያ መሬት ምን እንደደረሰበት የሚናገር ነገር አይኖርም ነበር። ሐይቁን የሚያይ ሰው ተፈጥሮ የሠራው ይመስለዋል። አሁን ግን ሐይቁን አይቶ ቀና ሲል ማን እንደቆፈረው ያያል። ለዚህ ነው ሙሉ ሆኖ፣ በቦታው መቅረቱ ለእኔ ይህን ያህል የሚያስጨንቀኝ። ወደ ትልቅ ከተማ ተወስዶ የተቀባ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይናገርም።

እንግዲህ የምትሄዱ ከሆነ ምክሬ ይሄ ነው። ከመቀበያው ህንጻ ጀምሩ፣ ፎቶዎቹንና የእጅ መሣሪያዎቹን በደንብ እዩ። ከዚያ በሰንሰለቶቹ መካከል እለፉ፣ ውጡ፣ የማሽን ክፍሉ ውስጥ ኬብሉን ተከተሉ፣ ካቢኑ ውስጥ ተቀመጡ። ባኬቱን ለመጨረሻ ተዉት፣ ያኔ ፎቶ ስትነሱ ምን ውስጥ እንደቆማችሁ ታውቃላችሁ። በጋ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ብረቱ ከሰዓት በኋላ ይግላል፣ ውስጡም ይታፈናል። ጠንካራ ጫማ አድርጉ። ከሙዚየሙ ስትወጡ ደግሞ በቀጥታ ወደ ዋናው መንገድ አትመለሱ፣ በጎን መንገዶቹ ትንሽ ንዱና ሐይቆቹ አጠገብ ቁሙ። በሁለት ክምሮች መካከል ያለውን ርቀት ተመልከቱ፣ ከዚያ የቡሙን ርዝመት አስታውሱ። 46 ሜትር።

እዚያ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞችንም አነጋግሩ። ምን ልጠይቅ ብላችሁ አታፍሩ፣ ስለ ግሪሱ ጠይቁ፣ ስለ ኬብሉ ጠይቁ፣ ክረምት ላይ በረዶ ሲሆን እንዴት ይሠራ እንደነበር ጠይቁ። ስትወጡም ከቻላችሁ መዋጮ ማስቀመጫው ውስጥ የሆነ ነገር ጣል አድርጉ። 50,000 ኩንታል ብረት ከዝገት መጠበቅና መቀባት ገንዘብ ይፈልጋል፣ ሲልቨር ስፔድን ያሳጣንም ይሄው ነው።

እኔ ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ከባድ ማሽን ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ እስቲ ከእናንተ ልስማ።